የልብስ ሰፊው ክንድና የጋምቤላ ጋቢዎች

የምሥራች፤ ክንዱ መሰበሩ ተረጋገጠ።

አትደንግጡ። ክንዱ ከተሰበረ እንኳ ስምንት ወሩ ነው። ተሰብሯል ተብሎ በደብዳቤ፣ በቁጥር፣ በቀንና በክብ ማኅተም የተነገረው ግን ዛሬ ጠዋት ነው። እስከ ትናንት ድረስ ያ ክንድ በሐኪም ካርድ ላይ የተሰበረ፣ በሚስት ዓይን የተሰበረ፣ በመላው ገበያ ወሬ የተሰበረ፣ በፖሊስ መዝገብ ላይ ግን እንደ ሎሚ የደመቀ ጤነኛ ነበር። ጤነኛ መሆኑ ብቻ ቢሆን ምን ገዶን፤ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ተሰብሬአለሁ ብሎ ፖሊስን በሐሰት ወንጅሏል ተብሎ የክስ ቀጠሮ ተቆርጦለት ነበር።

ባለ ክንዱ ሳኒ ነው፤ ገበያው መንገድ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ሳኒ። አባቱ ከጅማ ወገን አቡጀዲ አሸክመው ጋምቤላ የገቡት ባሮ ላይ ገና ጀልባ ከሱዳን ሲመላለስ ነው ይባላል። ሳኒ ግን እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ባሮ ውስጥ ዋና ተምሮ፣ ከአባቱ በወረሳት በእግር በምትዞር የስፌት መኪና ላይ እንደተቀመጠ አርባ ሰባት ዓመት ሞላው። ቀጭን ነው፤ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ሜትር አለ፤ ጥርሶቹ መሐል ደግሞ ሁልጊዜ መርፌ። ሰው ሲያናግረው መርፌዋን ወደ አንድ ጎን ያደርግና በሌላው ጎን ይመልሳል።

ስለ ጥሩ ሰው ሲወራ ነውሩን መደበቅ አይገባምና ነውሩም ይነገር። ሳኒ ቀጠሮ አያከብርም። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛ፣ ከድንበር ነጋዴዎች የለቀማት አረብኛም አለችው፤ በአምስቱም ቋንቋ አጥርቶ የሚናገራት ቃል «ነገ» ናት። ለኢድ ያሰፋ ለአረፋ ይለብሳል፤ ለገና ያዘዘ ለፋሲካ ቢደርስለት ተመስገን ይላል። ሆኖም ደንበኛ አይሸሸውም። ምክንያቱም ሳኒ የሰው ወገብ አያጋልጥም። በዚህ ከተማ ማን እንደወፈረ፣ ማን እንደከሳ፣ ማን በጎረሰ ቁጥር ስንት ጣት እንደጨመረ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ለሚስቱ ለሰውዳ እንኳ አይነግራትም። ደንበኛው «ሠላሳ ስድስት ነኝ አይደል?» ካለው «ሠላሳ ስድስት» ይለዋል፤ የቁጥሩን ቦታ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ። ከዚያ ደብተሩ ላይ እውነቱን ይጽፋል፤ ጨርቁን በእውነቱ ይቆርጣል። ደንበኛው ሱሪውን ለብሶ ልክ ሲሆንለት «አልወፈርኩም» ብሎ ደስ እያለው ይሄዳል። አገር የሚኖረው እንዲህ ነው።

መከራው የመጣው ይህን ሥርዓት የማይቀበል አንድ ወገብ ሲመጣ ነው።

ሳጅን አሸብር ማንጎ ሥር በሚባለው ጣቢያ የተጠርጣሪዎች ማረፊያ ኃላፊ ነው። ማረፊያ ይሉታል፤ ያረፈበት ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ሳጅኑ ጎበዝ ጸሐፊ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል ያምራል፤ ያለ ሰዓትና ያለ ቀን አንድ መስመር አይጽፍም። ወደ ጋምቤላ ተዛውሮ ከመጣ ወዲህ ባሮ በሰጠው ዓሣና በሌላም በሌላም ወገቡ ሰፍቷል፤ ፋይሉ ላይ ግን ወገቡ ሠላሳ ስድስት ነው። ባለፈው ሰኔ መጨረሻ አዲስ የደንብ ልብስ ጨርቅ ይዞ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የሳኒን ደብተር አንስቶ ማገላበጥ ጀመረ።

«ይሄ ሠላሳ ዘጠኝ የማን ነው?»

«የሌላ ሰው ነው ሳጅን።»

«ስሜ ተጽፎበታል እኮ።»

ሳኒ መርፌዋን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወራት። «ጨርቁ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ለሱ ብዬ ትንሽ ጨምሬ ነው እንጂ...»

«እኔ ሠላሳ ስድስት ነኝ። መንግሥትም የሚያውቀኝ በሠላሳ ስድስት ነው። ልታወፍረኝ ነው እንዴ? በሠላሳ ስድስት ቁረጥ፤ እዚሁ ቆሜ አያለሁ።»

ሳኒ ቆረጠ። ሳጅኑ ቆሞ አየ። ሱሪውም ለጉድ በቀጠሮው ቀን ደረሰ፤ የሳኒ ሱሪ በቀጠሮው ቀን ሲደርስ ያኔ የመጀመሪያው ነው።

በሐምሌ ወር በአንዱ ሰኞ ጠዋት ጣቢያው እንግዳ ይቀበል ነበር። ሳጅኑ ሱሪውን በሁለት ኮንስታብል ረዳትነት፣ ትንፋሹን ውጦ ቆለፈው። ባንዲራ ሲሰቀል ቀጥ ብሎ ቆመ። ተረከዙን አጋጥሞ ሰላምታ ሲሰጥ ከኋላው የተሰማው ድምፅ እንግዳውን ሳይቀር አስደነገጠ፤ ሰውየው የመኪናቸው ጎማ የፈነዳ መስሏቸው ወደ አጥሩ ዞሩ ይባላል። ከሳጅኑ ኋላ በሁለት መስመር የተሰለፉት ፖሊሶች መዝሙሩን እስከ መጨረሻው የጨረሱት ከንፈራቸውን ነክሰው ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሳኒ «የመንግሥት ንብረትን ሆን ብሎ በማበላሸት» ተጠርጥሮ ከበረንዳው ተነሣ።

ጣቢያው ሲደርስ መጀመሪያ አንድ ፎርም ተሰጠው። ፎርሙ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ቀለም ተጨናንቋል።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ሳኒ።

«ዕቃህ እንዳይጠፋ ነው። ፈርም።»

ኪሱ ውስጥ የነበረችው ሞባይልና አንገቱ ላይ የነበረው ሜትር ተወሰዱ። ሳኒ ሰው አክባሪ ነው፤ የተሰጠውን ወረቀት ማንበብ ሰጪውን መጠርጠር ይመስለዋል። በዚያ በሚያምር ቀኝ እጁ፣ ጫፏን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ስፌት ጠምዘዝ አድርጎ ፈረመ። ሳጅኑ ከፊርማው አጠገብ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳጅኑ ሌላ ሱሪ ለብሶ፣ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። «ሱሪውን ያጠበብኩት በተንኮል ነው» የሚል ወረቀት ነው። ሳኒ ይህን አነበበ።

«ሳጅን፣ እርስዎ ቆመው እያዩ አይደል የቆረጥኩት?»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ተጠርጣሪዎች ሳቁ። ሳኒ ለማሳቅ አልነበረም የተናገረው፤ እውነቱን ነው። ሳጅኑ የሳኒን ቀኝ እጅ ይዞ ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ሳቁ ቆመ። ክንዱ እንደ ደረቅ ሸምበቆ ቀጭ ሲል ሦስቱም ሰሙ።

በማግሥቱ «ለክስ የሚያበቃ ማስረጃ ባለመገኘቱ» ተለቀቀ። ሞባይሉ ተመለሰችለት። ሜትሩ ፎርሙ ላይ የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረው፣ እነሆ እስካሁን አልተመለሰም። በር ላይ ጎረቤቱ ቾል ባጃጁን አስነሥቶ ይጠብቀው ነበር። ቾል ኑዌር ነው፤ አማርኛው አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ የማያስፈልግ ቃል አያወጣም።

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ወደቅኩ።»

«እዚያ ቤት ወለሉ ብቻ ነው ያለው። ከምን ላይ ወደቅክ?»

 ቾል መልስ ሳይጠብቅ ባጃጁን ወደ ሆስፒታል አዞረ።

ካርዱ ላይ «የቀኝ ክንድ አጥንት ስብራት» ተብሎ ተጻፈ። ሳኒ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ነገሩን በዝምታ ሊያሳልፈው አስቦ ነበር። ሰውዳ ግን ዝምታ በሚባለው አገር አልፋ አታውቅም። በሱ ፋንታ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ቀጥ ያለ ስፌት ትችላለች፤ ከቀጥታ ውጭ አትችልም። ስለዚህ የገበያው ሰው በዚያ ክረምት ኪስ የሌለው ሱሪ ለበሰ። አንድ መምህር ደመወዙን በካልሲው ውስጥ ይዞ ሲሄድ ታይቷል።

«በግራ እጅህም ቢሆን ጻፍ» አለችው ሰውዳ። «አቤት በል። አንገትህ ላይ ያንጠለጠልከው ክንድ ነው እንጂ ቀበሌ የሰጠህ ሜዳሊያ አይደለም።»

ጻፈ። በግራ እጁ ስለጻፈው የአንደኛ ክፍል ተማሪ የጻፈው ይመስል ነበር፤ ነገሩ ግን ሙሉ ነበር፤ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት። አቤቱታው ወደ ላይ ወጣ። ከላይ አንድ መስመር ተጨምሮበት ወደ ታች ወረደ፤ «ለማረፊያ ክፍል ኃላፊ፤ አጣርተህ በሦስት ቀን ውስጥ ግለጽልን» ይላል። የማረፊያ ክፍሉ ኃላፊ ሳጅን አሸብር ነው። ከሳሹ አህያ፣ ዳኛው ጅብ ሲሆን እንግዲህ ፍርዱን መገመት ነው።

ሳጅኑ ትእዛዝ አክባሪ ነውና አጣራ። የማጣራት ሪፖርቱን ቅጂ ሰውዳ ለምና አግኝታዋለች፤ የገበያ ሰውም በቃሉ ይዞታል። እንዲህ ይላል፦

«በተሰጠኝ ትእዛዝ መሠረት ፈጽሟል የተባለውን ሳጅን አሸብርን በግንባር አነጋግሬአለሁ። ግለሰቡ በመልካም ሥነ ምግባሩ የታወቀ ሲሆን ለጥያቄዎቼ ሁሉ ሳያመነታ መልስ ሰጥቷል። ድርጊቱን ፈጽሞ እንደሆነ ስጠይቀው አለመፈጸሙን ገልጾልኛል፤ ቃሉንም እውነተኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አመልካቹ በቆይታቸው ምንም በደል እንዳልደረሰባቸው በገዛ ፊርማቸው ያረጋገጡበት ሰነድ ተያይዟል። ስለሆነም ክንዱ አልተሰበረም። ተሰብሮ ከሆነም ከጣቢያው ውጭ ነው። በጣቢያው ውስጥ ከሆነም በራሱ ጊዜ ነው።»

ከሥሩ «አጣሪ፦ ሳጅን አሸብር» ይላል። ከዚያ በታች የአለቃው ጽሑፍ አለ፦ «አይቼዋለሁ። ጥራት ያለው ሥራ ነው።»

ሳኒን የገደለው ያ «በገዛ ፊርማቸው» የሚለው ነው። ሰነዱን ሲያዩት የእሱው ፊርማ ነው፤ ጫፏ እንኳ ጠምዘዝ ብላለች። ጥቁር በነጭ «በማረፊያ ቆይታዬ ምንም ዓይነት በደል አልደረሰብኝም» ይላል። መቼ ፈረምኩ ብሎ ሦስት ሌሊት አሰበ። ትዝ ያለው አንድ ፊርማ ብቻ ነው፤ ዕቃህ እንዳይጠፋ የተባለው። ይህን ለማን ይናገር? በፊርማው የዋሸ ሰው በአፉ ማን ያምነዋል?

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በጥር ወር የክስ መጥሪያ መጣ። ፖሊስን በሐሰት በመወንጀል፤ ቀጠሮ መጋቢት ሃያ። ከመጥሪያው ጋር የሳጅኑ የቃል መልእክት ደረሰ፦ አቤቱታውን ካነሣ ክሱም ይነሣል። ሳኒ እንቅልፍ አጣ። እስር ቤቱ ሳይሆን መንገዱ ነው ያስፈራው፤ ቢፈረድበት መጀመሪያ የሚያድረው እዚያው ማንጎ ሥር፣ በዚያው ሳጅን ቁልፍ ውስጥ ነው። የቀረው ግራ እጁ ነው።

«አነሣዋለሁ» አላት ለሰውዳ። «ለልጆቹ ስል።»

«አንሣው። መጀመሪያ ግን ያቺን ጣሳ ከመደርደሪያው አውርድልኝ።»

ሳኒ ቀኝ እጁን ሰደደ። እጁ ደረቱ ድረስ ወጣና ቆመ። ክንዱ ጠምሞ ነው የገጠመው።

«አየህ» አለች ሰውዳ። «እሷን ማንሣት ሲያቅትህ አቤቱታውን ለማንሣት ምን አቻኮለህ?»

የካቲት ሲገባ በየጣቢያው በርና በየቀበሌው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ፖሊስ በማረፊያ ስለሚደርስ አያያዝ የሚቀርብለትን አቤቱታ እንዴት እንደሚያስተናግድ የሚመረምር ገለልተኛ ቡድን መጥቷል፤ አቤቱታው የተዘጋበት ሰው ቀርቦ መናገር ይችላል፤ የሚቀመጡት በጣቢያው ሳይሆን በቀበሌው አዳራሽ ነው። ሳኒና ቾል ባጃጁ ውስጥ ሆነው አነበቡት።

«ገለልተኛ ምንድነው?» አለ ቾል።

«ከማንም ጋር ያልሆነ።»

«እንደዚያ ከሆነ ከአንተም ጋር አይደሉም።»

«ከሳጅኑም ጋር አይደሉም እኮ።»

ቾል ባጃጁን አስነሣ። «ጥሩ ነው። እስካሁን ሁሉም ከሱ ጋር ነበር። ግባ፣ እወስድሃለሁ።»

ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ የምትጠይቀው ግን አቢጋኤል የምትባል የሕግ ባለሙያ ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ጋምቤላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች። ሳኒን ለብቻው ሰሙት። ሐኪሙ ክንዱን ዳሰሱት፤ ካርዱን አዩ። በሁለተኛው ቀን የሳኒ ፋይል ሲመረመር እሱም እንዲገኝ ፈቀዱለት። ጠዋት ማለዳ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የአዳራሹ ማራገቢያ ክንፉን ዘርግቶ ቀጥ ብሏል። የየካቲት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታ ውስጡ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ሆነ። አቢጋኤል ላቧን በሶፍት ብትጠርገው፣ በመሐረብ ብትጠርገው አልቻለችም፤ በመጨረሻ በባዶ ፋይል እያራገበች ቀጠለች።

ሳጅን አሸብር ሳጥን ሙሉ ሰነድ አስይዞ ገባ። በከለር የታተመ ሠንጠረዥም ይዟል፦ በሦስት ዓመት ውስጥ የተረጋገጠ አቤቱታ፣ ዜሮ። ሳኒን ሲያየው በትሕትና ራሱን ነቀነቀለት። ሳኒ ሸበጥ የተጫማ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው አስተናግደናል» አለ ሳጅኑ። «ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስቱም ምንም በደል እንዳልደረሰባቸው ፈርመዋል። አንድ እንኳ የጎደለ የለም፤ ይቁጠሩት እኅቴ።»

አቢጋኤል ቆጠረችው። ከዚያ የመጀመሪያውን ፎርም ከላይ ጀምራ አነበበችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ፎርሙ በተገለበጠ ቁጥር ሳኒ የክሱ ቀጠሮ በአንድ ቀን የቀረበ ይመስለዋል። በአሥረኛው ላይ ማራገቧን አቆመች።

«ሳጅን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጋቢዎቹ የት ነው የሚቀመጡት?»

«የምን ጋቢ?»

«እዚህ ላይ የዕቃ ዝርዝር አለ። ቀበቶ፣ የጫማ ክር፣ ካልሲ፣ ጋቢ፤ ሁሉም ተመልሶልኛል ይላል። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው ጋቢ ተመልሶለታል።»

«እሱማ ፎርሙ ነው» አለ ሳጅኑ፤ ግንባሩን እየጠረገ። «ቀድሞ ከነበርኩበት ደጋ አገር ይዤው የመጣሁት ነው። በጣም ጥሩ ፎርም ነው።»

«ጋምቤላ ውስጥ ጋቢ ለብሶ የመጣ ተጠርጣሪ ነበረ?»

«በዚህ ሙቀት?» ሳጅኑ ራሱ ሳቀ። ጡረተኛው ዳኛም ፈገግ ሲሉ አይቶ አንድ ጊዜ ጨመረበት። «በዚህ ሙቀት ጋቢ የለበሰ ሰውማ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው የሚወሰደው።»

«ታዲያ ያልነበረ ጋቢ ተመልሶልኛል ብለው ለምን ፈረሙ?»

«አያነቡትም እኮ።»

 ሳጅኑ የተናገረው ነገር ወዴት እንደሄደ ገና አልደረሰበትም። ሳኒ ግን ደረሰበት፤ ልብስ ሰፊ ነውና ስፌቱ ከየት እንደሚተረተር ያውቃል።

«ይህን የሚፈርሙት ሲወጡ ነው?» አለች አቢጋኤል፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሲወጡማ ማን ይቆምልናል? ሁሉም ወደ ቤቱ ይሮጣል። እኔ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሲገቡ ነው የማስፈርማቸው። ሥራ ቀድሞ መጨረስ ነው። በዚህ ምክንያት ነው ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ሰርተፊኬት የተሰጠኝ፤ እሱም ሳጥኑ ውስጥ አለ።»

«ሲገቡ 'በቆይታዬ ምንም በደል አልደረሰብኝም' ብለው ይፈርማሉ?»

«አዎ። ቀኑም ሰዓቱም አለ፤ ያለ ሰዓት አንድም አልጽፍም።»

አቢጋኤል የሳኒን ፎርም አወጣች። ሦስት ሰዓት ከሃያ። ከዚያ የጣቢያውን የዕለት መዝገብ ጠየቀች፤ ሳጅኑ ራሱ ገልጦ ሰጣት። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ተጠርጣሪ ሳኒ ከጠዋቱ 3:15 ገባ» ይላል።

«አቶ ሳኒ» አለች ዞር ብላ፤ «ከገቡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እስከ ማግሥቱ ድረስ ምንም እንደማይደርስብዎት ያውቁ ነበር?»

«እኔ እንኳን የማግሥቱን፣ ያጠበብኩት ሱሪ መቼ እንደሚተረተርም አላወቅኩም» አለ ሳኒ። ሳያስበው ነው የወጣው። ከዚያ ወደ ሳጅኑ ተመለከተና ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ያዘ፤ ባለፈው ጊዜ እንዲህ ያለ እውነት ተናግሮ የደረሰበትን ያውቃል። ዛሬ ግን ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።

ሳጅኑ ሠንጠረዡን ማጠፍ ጀመረ። አንዴ አጠፈው፣ ሁለቴ አጠፈው፤ ትልቅ ስለነበር አልታጠፍ አለው። በዚያን ቀን ከሰዓት እነዚያ ክፍሉ ውስጥ የሳቁት ሁለት ሰዎች ተጠርተው ቃላቸውን ሰጡ። ቀጭ ያለውን ሰምተዋል።

ቡድኑ ከሄደ በኋላ ሦስት ሳምንት ጭጭ ሆነ። ወሬ ብቻ ነበር። ጣቢያው ፎርሙን አስተካከለ ተባለ፤ እውነት ነው፣ ጋቢውን ሰርዘው በምትኩ «ሸበጥ» አስገቡበት፤ «ምንም በደል አልደረሰብኝም» የሚለው ግን ከእነ ሙሉ ክብሩ እዚያው ቀረ። ከተማው ሳቀ። ሳኒ አልሳቀም፤ መጋቢት ሃያ እየቀረበ ነበር። ሰውዳ ስንቅ የምታመላልስበትን ሳህን ሳይቀር ለብቻ አስቀምጣ ነበር፤ እሱ እንዳያይባት ሸፍና።

ዛሬ ጠዋት፣ ቀጠሮው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ወረቀት ተቀበል ተብሎ ወደ ቀበሌው ተጠራ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የመረከቢያ ደብተር ገፋችለትና «እዚህ ጋ ፈርም» አለችው። ሳኒ መነጽሩን አወጣ። ደብተሩን ከሽፋኑ ጀምሮ አነበበው። ከኋላው ሰባት ሰው ተሰልፏል።

«ቶሎ በል እንጂ አንተ ሰውዬ» አለ አንዱ።

«እያነበብኩ ነው።»

«የመረከቢያ ደብተር ምኑ ይነበባል?»

«ጋቢ ካለበት ብዬ ነው።»

ሰልፉ ሲስቅ እሱ እስከ ግርጌው ጨርሶ፣ በጠመመው ክንዱ ቀስ ብሎ ፈረመ።

ደብዳቤውን በረንዳው ላይ ጮክ ብላ ያነበበችው ሰውዳ ናት። የአመልካቹ የቀኝ ክንድ በፖሊስ ጥበቃ ሥር በነበሩበት ጊዜ የተሰበረ መሆኑ ተረጋግጧል። ማጣራቱ በተከሰሰው ሰው በራሱ የተካሄደ በመሆኑ ውድቅ ተደርጓል። በአመልካቹ ላይ የቀረበውን ክስ ዐቃቤ ሕግ አንሥቷል። ሳጅኑ ከማረፊያ ሥራ ታግዶ ጉዳዩ ለምርመራ ተላልፏል፤ የሚያጣራውም ሌላ ሰው ነው። ይህንን «ሌላ ሰው» የሚለውን ሰውዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ቾል ባጃጁን እንኳ ሳያጠፋ ቆሞ ሰማ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ። አንድ ሁለቱ እልል አሉ፤ አንዲት ሻይ ሻጭ ግን «ለተሰበረ ክንድ እልል ይባላል?» ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ እሷም አለች።

ሳኒ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እና መጋቢት ሃያ አልሄድም ማለት ነው?»

«አትሄድም» አለችው ሰውዳ።

«እርግጠኛ ነሽ? ደግመሽ እይው።»

ደግማ አየችው። አትሄድም። ሳኒ ሰውዳን ከመኪናዋ ላይ በትህትና አስነሥቶ ተቀመጠ። ቀኝ ክርኑ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ነው የሚሰፋው አሁን፤ እንደ ዶሮ ክንፍ። ቀጥ ያለ መስመር ይጠምምበታል። ኪስ ግን ይሰፋል። እግሩ ፔዳሉን ሲነካ በረንዳው እንደ ድሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰውዳ ያንን ሳህን ከተሸፈነበት አወጣችና ለልጆቹ ምሳ ማውጫ አደረገችው።

የደብዳቤው የመጨረሻ አንቀጽ ግን ብዙ ሰው አልሰማውም፤ እልልታው ዋጠው። ከሳኒ ሌላ ሲገቡ የፈረሙት ሁሉ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስቱም፣ ፊርማቸው አይቆጠርባቸውም ይላል። አቤቱታው በዚያ ፊርማ የተዘጋበት ሰው እስከ ዓርብ ድረስ ቀርቦ እንደገና ማስመዝገብ ይችላል። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ቢቾክን ታውቁታላችሁ፤ ባሮ ዳር መረብ የሚጥለው፣ አምና ከዚያው ጣቢያ ወጥቶ በአንድ ጆሮው የማይሰማው። እሱም ፈርሟል፤ አቤቱታውም በዚያው ፊርማ ተዘግቶበታል። ሞባይል የለው፣ ቢኖረውም ውሃ ላይ ሆኖ አያነሣም። ከሰዓት በኋላ ጀልባውን ወደ ታች ይለቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ቅዳሜ ማን ያገኘዋል? ድልድዩን በእግር ለማቋረጥ ሩብ ሰዓት ይበቃል። በጤነኛው ጆሮው በኩል ቆሜ ነው የምነግረው፤ ልሂድ፣ ሳይነሣ ልድረስበት።